ድንገተኛ ክፍል ተራ የሚያዘው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ ሕመምተኛ ይዞ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው፣ ከኋላው የመጣው ቀድሞት ሲገባ ያያል። ለምንድን ነው? ከቤትስ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

መልስ 1፦ ወረፋው ቀድሞ በመምጣት አይደለም። በር ላይ ያለችው ነርስ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት አይታ የሕመሙን አጣዳፊነት የሚያሳይ ቀለም ትሰጣለች። በደቡብ አፍሪካው መለኪያ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ችግሩ ቀለሙ አንዴ ተሰጥቶ ሲረሳ ነው፤ ቢጫ የነበረው እዚያው እንደተቀመጠ ቀይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስታማሚ ዝም አይበል። "ባሰበት" ብቻ ሳይሆን "ስጠራው አይመልስም፣ ከንፈሩ ጠቆረ" በሏት፤ እንደገና እንድትለካው ጠይቁ።

መልስ 2፦ የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው በፌስታል ያዙ፤ "ነጯ ክኒን" ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። የሪፈር ወረቀትና የጤና መድን ደብተርም አትርሱ። ሆዱን አጥብቆ ለሚያመው ምግብ አትስጡ፤ ኦፕራሲዮን ካስፈለገ በማደንዘዣው ጊዜ ትውከት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

መልስ 3፦ አንድ ልጨምር። ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳን ሰው እባካችሁ አጣጥፋችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡ! አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ኅብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ከሆነም ሰፊ ጣውላ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት።