የሜላኖጋስተርና የሲሙላንስ ስፐርም ሲለካ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ (ከሱሉልታ)
ጤና ይስጥልኝ። ከጠላ አተላና ከሙዝ ላይ የተያዙ ድሮሶፊላዎች (ትናንሽ የፍሬ ዝንቦች) ናቸው፤ ሜላኖጋስተርና ሲሙላንስ የተባሉት ሁለት ዝርያዎች የተደባለቁ ይመስላሉ። በስፐርም ርዝመት ለመለየት ወንዱን ስላይድ ላይ ስጨፈልቀው የሚታየኝ የተበጣጠሰ ክርና እንደ ጥጥ የተጣበቀ ጉንጉን ብቻ ነው። ልኬቱም ከ0.3 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይዘላል። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ርዝመቱስ ዝምድናቸውን ያሳያል?

መልስ (ከሰበታ)
ችግሩ መጨፍለቁ ላይ ነው። በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ስፐርም ገና ያልደረሰ ነው፤ 64 እየሆነ በአንድ ጥቅል ይቀመጣል፤ ጉንጉኑም እሱ ነው። የሚፈልጉት የደረሰው በዘር ከረጢቱ ውስጥ ነው።

ከሴት ተለይቶ ከ5 እስከ 7 ቀን የቆየ ወንድ ይውሰዱ። ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያደንዝዙትና በፒቢኤስ (ለላብራቶሪ የሚዘጋጅ የጨው ውሃ) ጠብታ ውስጥ በአንዱ ወረንጦ ደረቱን ይዘው፣ በሌላው የሆዱን ጫፍ በቀስታ ይሳቡ። ጠምዛዛና ቢጫ ሆኖ የሚወጣው የዘር ፍሬው ነው፤ ከሥሩ አበጥ ያለችው ከረጢቷ ናት። እሷን ብቻ ወደ አዲስ ጠብታ ያሻግሩና በቀጭን ስፒል ይብሷት፤ ስፐርሙ ራሱ ይፈስሳል። በተራ ውሃ አይሥሩ፣ የስፐርሙ ጅራት ይጠመዘዛል። ከቨር ስሊፕም (ስስ መሸፈኛ መስታወት) አይጫኑበት። ሲደርቅ በ3 እጅ ሜታኖልና በ1 እጅ አሴቲክ አሲድ ለ5 ደቂቃ ያቆዩትና ጨውን በውሃ ያለቅልቁ፤ አለዚያ ክሪስታሉ ምስሉን ያበላሻል።

መልስ (ከለገጣፎ)
ልኬቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሜላኖጋስተር ስፐርም 1.9 ሚሊሜትር ገደማ፣ የሲሙላንስ ደግሞ 1.1 ገደማ ነው። ስለዚህ የተቆረጠ ሜላኖጋስተር ሙሉ ሲሙላንስ መስሎ ይታያል! ከአንድ ወንድ ቢያንስ 5 ይለኩ፤ ሙሉዎቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ቁርጥራጮቹ ይበታተናሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ወንድ አማካይ አንድ ቁጥር አድርገው ያነጻጽሩ። ማረጋገጫው የብልቱ ቅርጽ ነው፤ በወንዱ ብልት ላይ ከኋላ ያለው ቅጠል መሰል ክፍል በሲሙላንስ ሰፊና ክብ ነው፣ በሜላኖጋስተር ጠባብና ትንሽ።

ዝምድናን በተመለከተ ግን በርዝመት ብቻ የዘር ሐረግ አይሳሉ። እነዚህ ሁለቱ በጣም የተቀራረቡ ሆነው ሳለ ርዝመታቸው ይህን ያህል ይለያያል፤ ድሮሶፊላ ቢፈርካ የተባለው ሌላ ዝርያ ስፐርም ደግሞ 58 ሚሊሜትር ይደርሳል። ርዝመቱ ከሴቷ የስፐርም ማስቀመጫ ቱቦ ርዝመት ጋር አብሮ ስለሚቀያየር ቶሎ ይለወጣል። ዝርያ ለመለየት ጥሩ ነው፣ ሐረግ ለመገንባት ደካማ። የስፐርሙ ጅራት ውስጣዊ አሠራር በተቃራኒው ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ በውስጡ ከውጭ ወደ መሃል የተደረደሩት ጥቃቅን ቱቦዎች በድሮሶፊላዎች 9+9+2 ናቸው፣ በወባ ትንኝ ግን 9+9+1። ለሰፊ ቤተሰቦች ይረዳል፣ ለእነዚህ ሁለት ግን አይጠቅምም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴቶቹስ በምን ይለያሉ?

መልስ (ከሰበታ)
በመልክ መለየት አስቸጋሪ ነው። ከዱር የተያዘችውን እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ በምግብ ቱቦ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች አንዱን ይመርምሩ። የሱሉልታ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ቱቦዎቹን ሁሉ በአንድ ሙቅ ሳጥን ውስጥ ያሳድጉ፤ እጮቹም አይጨናነቁ፣ ሙቀትና ምግብ ርዝመቱን ሊለውጡ ይችላሉ።