ተመልሶ ውኃ ውስጥ ለሚገባ ሰው የቢልሃርዚያ ክኒን ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ዘጌ አካባቢ በጣና ዳርቻ መረብ እየጣለ የሚተዳደር ሲሆን፣ ሰሞኑን በሰገራ ምርመራ የቢልሃርዚያ (ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ በሚዋኝ እጭ አማካይነት በቆዳ በኩል የሚገባ ትል) እንቁላል ተገኝቶበት ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ታዞለታል። እርሱ ግን «ነገ እዚያው ውኃ ውስጥ ለምገባው ዛሬ መዋጡ ምን ይረባኛል?» ብሎ ክኒኑን አስቀምጦታል። አምና ሲወስድ ራሱን አዙሮት ከሥራ ቀርቶ ስለነበር፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲልና የዓሣ ገበያ ሲደራ አንድም ቀን ማጣት አይፈልግም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው።) ስሌቱን ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለት አልደፈርኩም፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)
ወንድምዎ መድኃኒቱን እንደ ክትባት የቆጠረው ይመስለኛል። ክኒኑ ዳግመኛ መያዝን አይከለክልም፤ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ትሎቹ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ እየኖሩ የሚጥሉት እንቁላል ነው፤ ከፊሉ በሰገራ ሲወጣ የቀረው በአንጀትና በጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ቀስ በቀስ ጉበትን ያጠጥራል። ስለዚህ ዛሬ የሚውጠው የትሎቹን ብዛትና የሚቆዩበትን ጊዜ ለመቀነስ ነው። መድኃኒቱ ያደጉትን እንጂ ገና ያልጎለመሱትን ትሎች በደንብ ስለማይገድል፣ አሁን ወስዶ 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ሲያልቁ፣ የተረፉት ካሉ ካደጉ በኋላ፣ ቢመረመር ጊዜውም ይገጥማል።

መልስ (ዓሣ አጥማጅ)
እኔም በባዶ ሆድ ውጬ ራሴን አዙሮኝ ያውቃል። በኋላ ባለሙያ እንደመከረኝ ከእራት በኋላ ወስጄ ስተኛ ግን የሥራ ቀን አላባከንኩም፤ ለጿሚም የሚመቸው ይኸው ነው። ቦቲ ጫማ ገዝቼ ነበር፤ ውኃው ከጉልበት ሲያልፍ ግን ወደ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ። ያዋጣኝ ሰዓት መቀየር ነው፦ ቀንድ አውጣዎቹ በዳር ባለው ሣርና ደንገል መካከል ይኖራሉ፣ ከእነርሱ የሚወጣው እጭም የሚበዛው ፀሐይ ሲበረታ ስለሆነ፣ ታንኳዬን የምስበው በማለዳ ነው። ዋስትና ግን አይደለም።

መልስ (እናት)
ሁላችሁም የእርሱን ትርፍና ኪሳራ ብቻ አሰላችሁ። ሐይቁ ዳር የሚጸዳዳ ከሆነ እንቁላሉ ወደ ውኃው ተመልሶ፣ በቀንድ አውጣው በኩል የሚዋኙትን ልጆቻችንን ያገኛቸዋል። ለገላ መታጠቢያም የሐይቁን ውኃ ቀድታችሁ በተከደነ በርሜል ሁለት ቀን አቆዩት፤ እጩ ከዚያ በላይ አይኖርም።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። የልጆቹን ነገር ስነግረው ዝም አለ፤ ትናንት ከእራት በኋላ ዋጠው። ሰዓት ስለመቀየሩ ግን «ገበያው በማለዳ ነው» ብሎኛል።