የዶዘሬ ሰንሰለት እየወለቀ አስቸግሮኛል

የብረት ሙያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ ሆኜ የካተርፒላር ዲ8 ዶዘርን ሞዴል በ1 ለ8 መጠን (ከትልቁ ስምንት ጊዜ አሳንሼ) ከላሜራ እየሠራሁ ነው። ሁለቱን ሰንሰለቶች የሚያንቀሳቅሱት የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ናቸው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ አፈሩን እየጠረገ ሲገፋ ማየት ልብ ያሞቃል! ሲታጠፍ ግን ሰንሰለቱ ከሚያዞረው ጎማ ጥርስ ላይ ይወልቃል።

በካሊፐር ስለካው፣ የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዘው ፒን የሚገባበት 4 ሚሊሜትር የነበረው ቀዳዳ 4.3 ሆኗል። ልዩነቱ በ38 መጋጠሚያዎች ሲባዛ ሰንሰለቱ ከ11 ሚሊሜትር በላይ ረዝሟል ማለት ነው። የፊተኛውን ጎማ በብሎን ስወጥረው ደግሞ ሞተሩ እንደ ምጣድ ይግላል። ትልቁ ዶዘር የሚወጠረው በግሪስ በሚገፋ ሲሊንደር ነው፤ ከበስተኋላውም ድንጋጤ የሚቀበል ስፕሪንግ አለው። እኔስ ስፕሪንግ ልጨምር ወይስ ቀዳዳዎቹን በነሐስ ቱቦ ልሸፍናቸው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።