አስቸኳይ፦ የቆረጥኩት ሀመር ኮራል ላይ ቡናማ ንፍጥ ወጣ

ቨርጂኒያ ሪፍ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። ትናንት ማታ የጨው ውሃ ገንዳዬ ውስጥ ያለውን ሀመሬን (ድንጋይ መሰል አጥንት ያለው የባሕር እንስሳ ነው) ቆርጬ ሦስት ፍራግ፣ ማለትም ለብቻቸው የሚያድጉ ቁራጮች፣ አወጣሁ። ዛሬ ጠዋት እናትየዋ (ዋናው ኮራል) ላይ አንዱን ራስ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ሥጋ፣ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ሸፍኖታል፣ ሥጋው ከአጥንቱ እየለቀቀ ነው። ሌሎቹ ራሶች ተኮማትረዋል። አዲሱ መብራት አቃጥሎት ነው መሰለኝ፣ ወደ 20 በመቶ አወረድኩት። ውሃም ትናንት ቀይሬያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ጨው ለራስህ፦ ገንዳው ስንት ሊትር ነው? ስንቱን ቀየርክ? አልካሊኒቲው (የውሃው የካርቦኔት መጠን፣ በdKH) ስንት ነው? ኮራሉ ቅርንጫፍ ያለው ነው ወይስ ወጥ ግድግዳ የሚሠራው? ይህን ሳትነግረን መልስ ብንሰጥህ ግምት ነው የሚሆነው።

የሻርጃ ባሕር፦ አዮዲን ውስጥ ንከረው። 5 በመቶ ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ፈሳሽ፣ በሊትር 10 ጠብታ፣ 10 ደቂቃ።

አርባ ምንጭ፦ «ሀመር ተቆረጠ» ሲባል ደቡብ ኦሞ አንድ ነገር ደርሶ መስሎኝ ደንግጬ ገባሁ! ለመሆኑ በምን ቆረጥከው? ስሙ መዶሻ ቢሆንም በጉልበት አይሰበርም። በፒንሳ ጨምቀኸው ከሆነ አጥንቱ ቁመቱን ይዞ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሥጋው ድረስ ይወጣል። በሽታው የሚገባው በዚያ ነው። ቀጣይ ስትቆርጥ የአልማዝ ዲስክ ያለው ትንሽ መቁረጫ ተጠቀም፣ አጥንቱን እያራስክ።

የኤላት ልጅ፦ መብራቱን ተወው ወንድሜ። ብርሃን የበዛበት ሀመር በቀናት ውስጥ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል እንጂ በአንድ ሌሊት ንፍጥ አይለብስም። ከአፉ ቀጭን ቡናማ ክር ብቻ ቢሆን የሚወጣው፣ ሥጋው ውስጥ የሚኖረውን ትርፍ አልጌ እየተፋ ነው ብዬ አርፈህ ተቀመጥ እልህ ነበር። ሥጋው እየለቀቀ ከሆነ ግን ብራውን ጄሊ የሚሉት በሽታ ነው። ንፍጡን በማይክሮስኮፕ ብታየው ሥጋውን የሚበሉ ሲሊየቶች (ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረታት) ሲርመሰመሱ ታያለህ፣ ባክቴሪያም ሞልቶታል። ትንሽ በሲሪንጅ ሳብና አሽትተው፣ የሚበሰብስ ነገር ከሸተተ ጥርጥር የለውም። የሀመር የቅርብ ዘመድ የሆነው ፓራዲቪዛ እዚህ ኤላት የሚገኘው ከ36 ሜትር ጥልቀት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ለጥቂት ቀን አይጎዳውም፣ እንዳወረድከው ይቆይ። ዛሬ የሚገድለው ግን መብራቱ አይደለም።

ቨርጂኒያ ሪፍ፦ 200 ሊትር ነው፣ 80 ቀየርኩ። ቅርንጫፍ ያለው ነው። አልካሊኒቲ ከመቀየሬ በፊት 7 ነበር፣ አሁን ለካሁት 9 ነው። በፒንሳ ነው የቆረጥኩት። ይሸታል፣ በጣም። ፓምፑን ጨምሬ ንፍጡን ላጥበው?

ባለ ሲሪንጅ፦ እንዳታጥበው! ፓምፖቹን ሁሉ አሁኑኑ አጥፋ። የተበተነው ንፍጥ የነካው ሀመር፣ ዘመዶቹ ቶርችና ፍሮግስፖን ኮራልም ሁሉ ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ ለመንከሪያ የሚሆን ውሃ ከገንዳው በባልዲ ቅዳ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክተህ ንፍጡን ቀስ ብለህ ሳብ፤ የሳብከውን ወደ ገንዳው አትመልስ። ኮራሉን ስታወጣ በባዶ እጅህ ጎትተህ ሳይሆን የፕላስቲክ ዕቃ ውሃው ውስጥ አስገብተህ፣ እዚያው ዕቃው ውስጥ አስቀምጠህ ከነውሃው አንሳው። ውጭ የታመመውን ራስ ከነቅርንጫፉ ቁረጠው። መቁረጫው ሥጋው ከሚያልቅበት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ባዶ አጥንቱ ላይ። ግማሽ ሥጋው የሄደ ራስ አይድንም፣ ጣለው። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ራስም ለብቻው ለይ፤ እዚያው አጥንት ላይ ከተውከው ነገ ተራው የሱ ነው።

የሻርጃ ባሕር፦ ከዚያ አዮዲን። ብያለሁ፣ 10 ደቂቃ።

ባለ ሲሪንጅ፦ አዎ፣ ከቆረጠ በኋላ። ውሃው ቀጠን ያለ ሻይ ይምሰል። ሦስቱም ፍራጎች ይነከሩ፣ ከአንድ እናት ነው የመጡት። ከዚያ በሌላ ንጹህ የጨው ውሃ ታጥበው ለብቻቸው 15 ወይም 20 ሊትር ዕቃ ውስጥ ይግቡ፦ ሂተር 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ፣ ጨው በሺህ 35፣ አረፋ የሚያወጣ የአየር ድንጋይ፣ በየቀኑ ግማሹን ውሃ መቀየር፣ አንድ ሳምንት። የተነከሩበትን ውሃ ድፋው።

እሸት፦ ፋርማሲ የሚሸጠው የቀዶ ጥገና መታጠቢያ አዮዲን ሳሙና አለበት፣ እሱን እንዳትገዛ። እዚያው አለት ላይ ዞአንተስ የሚባለው መርዛማ የኮራል ዘመድ ካለም ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርግ ፒንሳ አታንሳ፤ መርዙ ሰውን ይጎዳል፣ ቁራጩ ወደ ዓይን ይፈናጠራል።

ጨው ለራስህ፦ ቁጥሮቹን ስለሰጠኸን መነሻው ታየ። ለኮራል ተብለው ከሚሸጡ ጨዎች አንዳንዶቹ ሲበጠበጡ 12 አካባቢ አልካሊኒቲ ይሰጣሉ። 40 በመቶውን በ12 ስትተካ 7 የነበረው 9 ይሆናል፣ ልክ እንደለካኸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 2 መዝለል ነው፤ በቀን ከ1 በላይ ባይንቀሳቀስ ይመረጣል። በዚያው ማታ ደግሞ ቆረጥከው። አንዱን ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ወደ 7 ለመመለስ አትሞክር፣ 9 ለሀመር ጥሩ ነው፣ እዚያው አጽናው። ፍራግ ልታወጣ ስታስብ ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት ሳይነቃነቅ መቆየቱን አይተህ ቁረጥ።

አርባ ምንጭ፦ ፓምፑን መልሶ ማብራትስ? አሳዎቹ አየር እንዳያጥራቸው።

ባለ ሲሪንጅ፦ ትክክል፣ ጠፍቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ። ስታበራው አዲስ የማጣሪያ ካርቦን ጨምር፣ ስኪመሩንም (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) አጠንክረው። ገንዳ ውስጥ የቀሩትን ቶርችና ፍሮግስፖን ካሉ ጠዋትና ማታ እያቸው፤ እጃቸውን ሳይዘረጉ የቀሩት ላይ ዓይንህን ጣል።

የኤላት ልጅ፦ ቨርጂኒያ፣ ስንት ራስ ተረፈህ? ፍራጎቹ የተቆረጡበት ጫፍ ላይ ስንጥቅ ካለ ፎቶ ላክ፣ ከስንጥቁ በላይ እንደገና መቆረጥ አለበት።

እሸት፦ እስካሁን መልስ የለም?