«ወተት ሊኖረው ይችላል» የሚል ነገር በጾም ይበላል እንዴ?

ሰላም፣ እስቲ ገላግሉኝ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ሁዳዴን እየጾምኩ ነው፣ 9 ሰዓት ላይ የምፈታው ግን ሥራ ቦታ ስለሆነ እንጀራ ይዞ መሄድ አይመችም፣ ብስኩትና ጥቁር ቸኮሌት ነገር እገዛለሁ። ጀርባውን ሳነብ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ደስ ብሎኝ ልከፍተው ስል ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «ወተት ሊኖረው ይችላል» ይላል። ታዲያ አለው ወይስ የለውም?

ደባሌ ቪጋን ናት (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር አትበላም)፣ እሷ ምንም ሳይመስላት ትበላዋለች። ማስጠንቀቂያው አለርጂ ላለባቸው ነው ትላለች። በዚያው ማሽን የወተት ቸኮሌትም ስለሚሠራ ትንሽ ሊነካካው ይችላል ለማለት ነው፣ ሆን ተብሎ የተጨመረ ወተት ግን እዚህ አገር በሕግ መጻፍ አለበት። «ሊኖረው ይችላል» የሚለውን እንዲጽፉ ግን ፋብሪካዎቹን ማንም አያስገድዳቸውም፣ ስለዚህ ያልተጻፈበትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እውነቷን ነው መሰለኝ።

እኔ ግን አልቆረጠልኝም። እናቴ እኮ የጾም ድስቷን ከፍስኩ ለይታ ነው የምታስቀምጠው! ንስሐ አባቴን እንዳልጠይቅ ደግሞ አፈርኩ፣ «በሁዳዴ ቸኮሌት አማረሽ?» ቢሉኝስ?

ውጭ አገር የምትጾሙ፣ እናንተ ትበሉታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ? እንዲህ የተጻፈበትን ዳቦስ?