የዲስ ሂት ድጋሚ ሕትመቶች፦ ብልሽቱ ከሸክላው ነው ከሙዚቃው?

መርፌ33፦
ጤና ይስጥልኝ። ዲስ ሂት የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2016 በድጋሚ የታተሙለትን ሦስት ሸክላዎች ከነፕላስቲካቸው ገዝቻለሁ፤ «ዲስ ሂት» (1979)፣ «ሄልዝ ኤንድ ኤፊሸንሲ» (1980) እና «ዲሲት» (1981)። ማጫወቻው ባለ ቀበቶ ነው፣ 33 እና 45 ዙር በደቂቃ ብቻ አለው። መርፌው ኤሊፕቲካል፣ አዲስ፣ ጫናው 1.8 ግራም። የቸገረኝ የቱ ብልሽት እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሠራ እንደሆነ መለየት ነው።

የመጀመሪያው አልበም ሲጀምር ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በድንገት ጆሮ ይበጥሳል። እዚያው ላይ አንዳንዱ ዘፈን ጥርት ያለ ነው፣ ሌላው የታፈነና ሽሽ የሚል። «ዲሲት» ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛው ዘፈን መጨረሻው አካባቢ ድምፁ ባንዴ ይሻክራል። የባለ 12 ኢንቹ «ሄልዝ ኤንድ ኤፊሸንሲ» ሁለተኛ ገጽ በስንት ዙር እንደሚጫወት ግራ ገብቶኛል። በተጨማሪ «ዲሲት» የመጀመሪያው ገጽ ላይ እየቆየ ቋ፣ ቋ የሚል አለ። ሻጩ እንዲቀይርልኝ ልጠይቅ ወይስ ልተወው?

ሸክላ ቤት፦
ከቋቋታው በቀር ሌላው ሁሉ ከባንዱ ነው፣ ካንተ ዕቃ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

የመክፈቻው ትራክ «ቴስትካርድ» ይባላል፤ ቴሌቪዥን ጣቢያ መደበኛ ሥርጭት በሌለበት ሰዓት ከሚያሳየው ምስል የመጣ ስም ነው። ሆን ተብሎ እጅግ ዝቅ ተደርጎ የተቀዳ ነው። አድማጩ ምን ነካው ብሎ ድምፁን ይጨምራል፣ ያን ጊዜ «ሆሪዞንታል ሆልድ» ይፈነዳበታል። ወጥመድ ነው። ስለዚህ መርፌውን መጀመሪያ ሁለተኛው ትራክ ላይ አውርድ፣ ድምፁን እዚያ ለክተህ አስተካክል፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መልሰህ ማጉያውን ሳትነካ አዳምጥ። ስፒከርን በዚህ ዘፈን ማቃጠል ቀላል ነው።

የታፈነውና የጠራው መቀላቀሉም የአሠራሩ ውጤት ነው። ባንዱ በ1976 ለንደን፣ ካምበርዌል አካባቢ ነው የተመሠረተው፤ ቻርልስ ሄይዋርድ ከበሮ፣ ቻርልስ ቡለን ጊታር፣ ጋሬዝ ዊልያምስ ቤዝና ኪቦርድ። ዊልያምስ ከዚያ በፊት መሣሪያ የተማረ ሰው አልነበረም፣ እንደ ጉድለት ግን አልቆጠሩትም። አልበሙ ከፌብሩዋሪ 1976 እስከ ሴፕቴምበር 1978 በተቀዱ ነገሮች ነው የተሠራው። ባለ 24 ትራክ (24 ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት) ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ከተራ ካሴት ቅጂ ጎን ተቀምጧል፣ ሁለቱን ለማመሳሰልም አልሞከሩም። ብሪክስተን፣ አክር ሌን ላይ የሥጋ ፓይ ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍል አግኝተው ስቱዲዮ አደረጉት፤ ስሙን ኮልድ ስቶሬጅ (ቀዝቃዛ መጋዘን) ያሉትም ለዚህ ነው። ድጋሚ ሕትመት ላይ ያ ሽሽታ ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ ነው መቀየር የሚገባው።

«ዲሲት» ላይ የምትለው «ሜክሺፍት ስዋሂሊ» ነው። መጨረሻው ላይ ሻካራ ድምፅ ይገባል፣ ልክ ነው። ማረጋገጫ ከፈለግህ ቀጥሎ ያለውን «ኢንዲፔንደንስ» ስማው፣ ጥርት ብሎ ይመጣል። መርፌው ቢሆን ኖሮ ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር መባስ ነበረበት እንጂ መሻል አልነበረበትም።

ኦም፦
ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ላስፋፋት፣ ለሌላ ሸክላም ትጠቅማለች። በ33 ዙር ጠርዙ ላይ መርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ መሐሉ አካባቢ ግን 21 ገደማ ብቻ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቋል ማለት ነው፣ መርፌው በትክክል ካልተቀመጠ «ስ» እና «ሽ» መጀመሪያ የሚበላሹት እዚያ ነው። ስለዚህ የገጹ የመጨረሻ ዘፈን ብቻ ከሻከረ የካርትሪጁን (መርፌውን የያዘውን ዕቃ) አቀማመጥ በፕሮትራክተር (የአቀማመጥ መለኪያ) ፈትሽ። ከገጹ መሐል አንድ ቦታ ሻክሮ ተመልሶ ከጠራ ቀረጻው ነው።

ቋቋታውን ደግሞ በሰዓት ቁጠረው። 33 ዙር ላይ አንድ ዙር 1.8 ሴኮንድ ይፈጃል፣ 45 ላይ 1.33። ድምፁ በየ1.8 ሴኮንዱ እኩል ከተመለሰ ሸክላው ላይ ጭረት ወይም የተጣበቀ ነገር አለ። ወዲያና ወዲህ ከዘለለ ግን ብናኝ ወይም ስታቲክ ነው፤ አዲስ ሸክላ ከወረቀት ከረጢቱ ሲወጣ ብጥስጣሹን ይዞ ይወጣል። ሦስተኛው መለያ፦ አልበሞቹ ከ2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይም አሉ፣ ያንኑ ሴኮንድ እዚያ ስማው። እዚያም ካለ የባንዱ ነው።

የባለ 12 ኢንቹ ሁለተኛ ገጽ «ግራፊክ/ቫሪስፒድ» በፈለግኸው ፍጥነት እንዲጫወት ታስቦ የተሠራ ነው፣ ትክክለኛ ዙር የለውም። በ33 አሥር ደቂቃ የሚፈጀው በ45 ሲጫወት 7 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይሆናል፣ ቃናውም ከአምስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ትንሽ በለጥ ብሎ ይወጣል። በ78 ደግሞ 4 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ ከአንድ ኦክታቭ (12 ሰሚቶን) በላይ። 16 ያለው አሮጌ ማጫወቻ ካገኘህ ሃያ ደቂቃ፣ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ታች፤ ለእኔ ከሁሉም ደስ የሚለው እሱ ነው።

ማሳሰቢያ፦ በ78 የምታጫውተው ከሆነ የ78 መርፌ እንዳትገጥም! የዚያ ጫፍ 75 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ያንተ ሸክላ ቦይ የተሠራው 18 ማይክሮን አካባቢ ላለው ነው። ወፍራሙ ወደ ቦዩ አይወርድም፣ የቦዩን አፍ እያረሰ ነው የሚሄደው። የሚቀየረው የዙሩ ፍጥነት ብቻ ነው።

የተቀሰረ ጆሮ፦
78 የሌለው ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቅዳው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነትና ቃናን አንድ ላይ የሚለውጠውን ምረጥ፣ ከ33 ወደ 45 ለመሄድ 1.35፣ ወደ 78 ደግሞ 2.34 አስገባ። ቴምፖ ብቻ የሚለውጠውን ከመረጥህ ቃናው ባለበት ይቀራል፣ ፕሮግራሙም ድምፁን እየቆራረጠ ስለሚቀጥለው የተንተባተበ ነገር ይወጣሃል። ሸክላው ላይ የሚሆነው እሱ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሁሉም ስለ «ዲሲት» ያወራል፣ ባንዱ ከሌሎች ሁሉ ቀድሞ እንደነበር የሚያሳየው ግን የመጀመሪያው አልበም ላይ ያለው «24 ትራክ ሉፕ» ነው። ከራሳቸው ጨዋታ አጭር ቁራጭ የቴፕ ክር ወስደው ጫፍና ጫፉን ገጠሙት፣ በ24ቱም ትራክ ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ የድምፅ ማደባለቂያውን እንደ መሣሪያ ተጫወቱበት፤ ይኼን ከፍ፣ ያንን ዝቅ፣ በሃርሞናይዘር ቃናውን ጎተት። የዳንስ ሙዚቃ ሰዎች ይህን ነገር መደበኛ ያደረጉት ከዓመታት በኋላ ነው። ክር ያለው ሰው መሞከር ከፈለገ፦ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር በሚሄድ ማሽን የአራት ሴኮንድ ዙር 152 ሴንቲ ሜትር ክር ይጠይቃል፣ በ19 ከሆነ 76። መቁረጡ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይሁን። ቀጥ አድርጎ የቆረጠ ሰው በየዙሩ «ጠቅ» ይሰማል፣ ምክንያቱም ሰያፉ አንዱን ድምፅ ቀስ ብሎ ለሌላው ሲያስረክብ ቀጥታው ባንዴ ይቀይረዋል። የረዘመውን ክር ደግሞ በለስላሳ ብረት ወይም በማይክ መቆሚያ ዙሪያ አዙረው፣ ከላላ ፍጥነቱ ይዋልላል።

ሸክላ ቤት፦
ልክ ነው። ለጀማሪ ግን አሁንም «ዲሲት» ይቅደም እላለሁ። ቃላቱ ይይዙታል፤ «ስሊፕ» የማስታወቂያ መፈክር እየደረደረ እንደ እሹሩሩ ያስተኛል፣ «ኢንዲፔንደንስ» የ1776ቱን የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ቃል ይዞ ይዘፍናል፣ ከጀርባው ሁሉ የኒውክሌር ፍርሃት አለ። የመጀመሪያው አልበም ግን በር ዘግቶ ነው የሚጠብቅህ።

መርፌ33፦
ቆጠርኩት። ልክ 1.8 ሴኮንድ፣ አሥራ አራት ጊዜ ያህል ይመላለስና ይጠፋል። ብርሃን ሥር ስፈልገው ጭረት አይታየኝም፣ ትንሽ ነጭ ነጥብ ነገር ግን አለች። ሌላ ጥያቄ፦ ከዚህ በኋላ ሲዲውን ሳጥን መግዛት ትርጉም አለው?

ኦም፦
አሥራ አራት ዙር ከሆነ ነጥቧ ትንሽ ናት፣ በብዛት የተጣበቀ ነገር ነው። በካርቦን ብሩሽ አትፈግፍጋት። የተጣራ ውኃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለህ ለስለስ አድርገህ አርጥባት፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ በንጹህ የተጣራ ውኃ እጠብ፣ አቁመህ አድርቅ። መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ውኃ አታስነካው። የቧንቧ ውኃ ካልሲየም ጥሎ ስለሚሄድ ሌላ ቋቋታ ትጨምራለህ። ከታጠበች በኋላም በዚያው ቦታ ከተመለሰች ሲታተም የገባች ነች፣ አትወጣም፤ ያኔ የሰከንዱን ቦታ ጽፈህ፣ ቀርጸህ ለሻጩ ላክ፣ ዝም ብሎ «ይጮኻል» ካልኸው ማጫወቻህን ነው የሚጠረጥረው። ወረቀት ከረጢቱንም ውስጡ ፕላስቲክ በለበሰ ቀይረው።

የተቀሰረ ጆሮ፦
ሳጥኑ የ2006ቱ «አውት ኦቭ ኮልድ ስቶሬጅ» ነው፣ ስድስት ሲዲ። ሦስቱ ካሉህ ያልሰማኸው ሦስቱ ናቸው፦ ለቢቢሲው የሬዲዮ አቅራቢ ጆን ፒል በ1977 የተቀዱት «ሜድ አቬይለብል» ተብለው ተሰብስበዋል፣ «ሪፒት» አለ፣ የ1980 እና የ1981 የመድረክ ቅጂዎች አሉ። «ሜድ አቬይለብል» ነው ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ሦስቱ ሰዎች ያለ ብዙ ቆርጦ ቀጥል አንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወቱ ስለሚሰማ። እሱ በ1996 ለብቻውም ወጥቷል። መጀመሪያ እሱን ብቻ ፈልግ፣ ሳጥኑን ለመደርደሪያ ማሳመሪያ አትግዛው።

መርፌ33፦
አጠብኳት። አሥራ አራቱ ወደ ሦስት ወረደ። አንድ ጊዜ ደግሜ አያታለሁ፤ «ቫሪስፒድ»ን በ45 ጀምሬ ቀበቶውን ወደ 33 ሳወርድ ግን ያው ቁራጭ ሌላ ሙዚቃ ሆኖ ነው የመጣው።