ጥያቄ፦ ለዓይን ሕክምና ባለሙያ የአንገትና የትከሻ ሕመም ምን ይበጃል?

ጠያቂ (የዓይን ሕክምና ነርስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ። በአማራ ክልል በአንድ ጤና ጣቢያ በዓይን ሕክምና ነርስነት መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአዘቦት ቀን በስሊት ላምፕ (ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ መመርመሪያ) እመረምራለሁ፤ የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ለታጠፈባቸው ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ። ካለፈው ዘመቻ ወዲህ ከማጅራቴ ተነሥቶ ቀኝ ትከሻዬ ድረስ የሚዘልቅ ሕመም ይዞኛል፤ ማታ ነጠላዬን ለማጣፋት እጄን ሳነሣ እንኳ ይጠዘጥዘኛል። በዘመቻው ታካሚዎቹን የማስተኛው በክፍሉ በተገኘ ዝቅተኛ አልጋ ላይ ሲሆን፣ እኔ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ፣ ሉፕ (እንደ መነጽር የሚጠለቅ ማጉያ) አጥልቄ፣ ጎንበስ እንዳልኩ እውላለሁ። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መዋጥ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እናቶቹ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡ ስለሆኑ ሥራውን መተው አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1 (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ክንድዎ ወይም ጣቶችዎ ይደነዝዛሉ? የያዙት ዕቃ ከእጅዎ ያመልጣል? እርምጃዎ ይንገዳገዳል? ሽንት ለመቆጣጠር ይቸገራሉ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ምክራችንን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከሌለ ግን ምክንያቱ የአቀማመጥዎ ሳይሆን አይቀርም። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንገት ወደ ፊት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ ግን በአንገት አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫና በስሌት እስከ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እርስዎ ይህን ሸክም ሳይንቀሳቀሱ ይሸከማሉ፤ ጡንቻ ደግሞ ሳይላላ እንደ ተወጠረ ሲቆይ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል፣ ጓንት በሚቀይሩባት ጊዜ፣ አገጭዎን ቀጥታ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው 5 ሰከንድ ይቆዩ፤ ቀጥሎም ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ከኋላ ያቀራርቧቸው። ይህንን አምስት አምስት ጊዜ ይደጋግሙት።

መልስ 2 (የዓይን ሐኪም)

የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን አልጋው ዝቅ እንዳለ ከቀጠለ የአንገት እንቅስቃሴ ብቻውን አያድንዎትም። እኔም የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በምሠራበት ጊዜ ይህንን በራሴ ወገብ ተምሬዋለሁ። ክርንዎ ከጎንዎ ሳይርቅ፣ ትከሻዎም ሳይነሣ፣ የታካሚዋ ፊት በክርንዎ ከፍታ ላይ መዋል አለበት። በአካባቢዎ ላለ አናጢ መሐሉ ጎድጎድ ያለ አራት ወፍራም እንጨት ያሠሩና የአልጋውን እግሮች በጉድጓዶቹ ውስጥ ያስቁሙ፤ ጉድጓድ ከሌለው አልጋው ሊንሸራተት ይችላል። አረጋውያኑ የሚረግጡት ጠንካራ በርጩማም አይርሱ። ታካሚዋ አናቷ የአልጋው ጫፍ ላይ እስኪደርስ ከፍ ብላ ትተኛ፤ እርስዎም ጉልበትዎ ከአልጋው ሥር እንዲገባ ሆነው በራስጌዋ በኩል ይቀመጡ።

መልስ 3 (ኦፕቶሜትሪስት፣ የእይታ ምርመራ ባለሙያ)

ሰዉ ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲያስብ የስሊት ላምፑ ነገር ይረሳል፤ እርስዎ ግን ብዙውን ቀን የሚያሳልፉት እዚያ ላይ ነው። ሕፃንም ሆነ ረጅም ሰው ሲመጣ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ጠረጴዛውን ሳናስተካክል ራሳችን እንጎብጣለን። ሌንስ የያዘው እጅዎ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ከክርንዎ ሥር የታጠፈ ፎጣ ወይም ባዶ የጓንት ካርቶን ያስገቡ። በኦፍታልሞስኮፕ (የዓይንን ውስጥ በሚያሳየው የእጅ መሣሪያ) ሲያዩ ደግሞ የታካሚውን ግራ ዓይን በግራ ዓይንዎና በግራ እጅዎ ይመልከቱ፤ ሁሉን በቀኝ መሥራት ወገብንና አንገትን ያጣምማል።

መልስ 4 (ፋርማሲስት)

ዳይክሎፌናክን ሁለት ወር ሙሉ ያለ ሐኪም ክትትል መውሰድ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ፣ የደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። እባክዎ ሐኪም አማክረው ያቋርጡት። ለሁለት ሳምንት ፍጹም ዕረፍት ቢያደርጉም ይሻላል እላለሁ።

መልስ 5 (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

ስለ መድኃኒቱ ከባልደረባዬ ጋር እስማማለሁ። ፍጹም ዕረፍቱን ግን አልደግፍም፤ አንገት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ይበልጥ ግትር ይላል። ይልቁንስ ለአስተባባሪዎ ያሳውቁና በዘመቻው ላይ ከሌላ ባለሙያ ጋር እየተፈራረቁ ይሥሩ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መደንዘዝም ሆነ የእጅ መድከም የለብኝም። ዛሬ አልጋውን ስለካው ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ አናጢውንም አነጋግሬያለሁ። የቀረኝ የሉፑ ጉዳይ ነው፤ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ምስሉ ይደበዝዝብኛል።

መልስ 6 (የዓይን ሐኪም)

እንግዲያውስ የሉፑ የማያ ርቀት ለቁመትዎ አጥሯል ማለት ነው። አልጋው ከተስተካከለ በኋላ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ከዓይንዎ እስከ ታካሚዋ ዓይን ቆብ ያለውን ርቀት ሰው በሜትር ይለካልዎት። አዲስ ሉፕ ሲጠየቅ ያንን ቁጥር ይጻፉ፤ ሌንሱ ወደ ታች የሚያዘነብል እንዲሆንም ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ የሚያዘነብለው ዓይንዎ እንጂ አንገትዎ አይሆንም።